አዲስ ዕፅ ሰፈር ሲገባ፦ ስሙን ትታችሁ መንገዱን ተከተሉ

ለንደን ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሐበሻ ደንበኛ ብዙ አለን። መድኃኒት ሊወስዱ መጥተው ሰው እስኪቀንስ ጥግ ይዘው የሚጠብቁኝ እናቶች አሉ። "ልጄ፣ ይሄን ከኪሱ አገኘሁ፤ ምንድን ነው?" ይሉኛል። አንዳንዴ ክኒን ነው። አንዳንዴ ባዶ ላስቲክ። አንዳንዴ ደግሞ ልጁ ስልክ ሲያወራ ጆሯቸው ጥልቅ ያለ ስም ብቻ ነው።

ስሙ ብዙም አይጠቅምም። ዛሬ አንድ ስም ነው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ። በአንድ ስም ደግሞ ሦስት ዓይነት ነገር ይሸጣል። የሚጠቅመው ዕፁ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ነው፤ እንዴት እንደተወለደ፣ በማን በኩል እንደተዛመተ፣ ሲከለከል ምን እንደሆነ፣ ፋሽኑ ሲያልፍ ማን ላይ እንደቀረ። መንገዱ በጣም ይመሳሰላል። አንዱን በደንብ ያወቀ ቀጣዩ ሲመጣ የቱ ጋ እንደደረሰ ይገባዋል። ምን ማድረግ እንዳለበትም እንደዚሁ።

ስለዚህ አንድ ዕፅ ይዤ ልሂድ፤ ሜፌድሮን። ዘመዱ የእኛው ጫት ነው። እዚህ አገር ሲገባም ሲከስምም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ አዲስ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አይደለም። ድሮ ተሠርቶ፣ ተጽፎ፣ የተረሳ ነገር ነው።

ጫት ቃሚ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ትኩስ ካልሆነ ምርቃና የለም። የአወዳይ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ፣ ውሃ እየተረጨ፣ መኪናው እየበረረ የሚሄደው ለዚህ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈርስና ደከም ወዳለ ነገር ይለወጣል። ይህን ካቲኖን ከትኩስ ቅጠል ለይተው ያወጡት የተባበሩት መንግሥታት የላብራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው፣ በ1975።

ሜፌድሮን የካቲኖን የቅርብ ዘመድ ነው። ከቅጠል ግን አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ የላብራቶሪ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣው በ1929 በአንድ የፈረንሳይ የኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ነበር። ከዚያ ሰባ ምናምን ዓመት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በ2003 አንድ ስሙን የደበቀ ኬሚስት እንደገና ሠራውና ያደረገበትን ስሜት ኢንተርኔት ላይ ጻፈ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነገሩ ንግድ ሆነ።

በዚያው ዘመን እስራኤል ውስጥ "ሐጊጋት" የሚባል ካፕሱል በየኪዮስኩ ይሸጥ ነበር። "ተፈጥሯዊ ማነቃቂያ" ነው ይሉታል። አንዱ ካፕሱል 200 ሚሊግራም ካቲኖን ይይዛል። ጫት እያየ ያደገ ሰው "ያው ጫት አይደል?" ሊል ይችላል። አይደለም። ቅጠል ስትቅሙ ካቲኖኑ ጉንጫችሁ ውስጥ ከምራቅ ጋር ቀስ እያለ፣ በሰዓታት ነው የሚገባው። መንጋጋ ይደክማል፣ ሆድ ይሞላል፣ በርጫው ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ካፕሱል ይህ ሁሉ ልጓም የለውም። በአንድ ጉንጭ ውሃ ያልቃል። የአገሪቱ የመርዝ መረጃ ማዕከል በ10 ወር ውስጥ 34 ሰዎች መዝግቧል። ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ልባቸው ላይ ወይም አንጎላቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸውም አሉ።

ሌሎቹም ታሪካቸው ይሄው ነው። "ስፓይስ" እየተባለ ሲሸጥ የነበረው፣ እንደ ሐሺሽ የሚጨስ ቅጠል በ2008 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ሲመረመር፣ ቅጠሉ ላይ የተረጨው ጄደብሊውኤች-018 የሚባል ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ይህን ኬሚካል የሠሩት ፕሮፌሰር ጆን ሃፍማን ናቸው፣ አሜሪካ ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ፣ ለምርምር ብለው። አሁን አውሮፓን ያስጨነቁት ኒታዚኖችም (የሄሮይን ዓይነት ሥራ ያላቸው ሰው ሠራሽ ዕፆች ናቸው) በ1950ዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲባ የተባለው ኩባንያ ለሕመም ማስታገሻ የሞከራቸው ናቸው። ለገበያ ሳይቀርቡ ቀሩ፤ ወረቀቱ ግን ቀረ።

እናንተ ቤት ይህ ምን ይጠቅማል? ልጃችሁ "ይሄ እኮ ሕጋዊ ነው"፣ "ተፈጥሯዊ ነው"፣ "ለምርምር የተሠራ ነው" ሲላችሁ፣ ማንም ሰው ላይ በወጉ ያልሞከረው ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጠኑን የሚያውቅ የለም። ከደም ግፊት ወይም ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም። ይህን ረጋ ብላችሁ ንገሩት።

ቀጥሎ፦ ለምን አሁን?

ዕፅ ዝም ብሎ አይመጣም። ክፍት ቦታ ሲያገኝ ነው የሚገባው።

በሰኔ 2008 ካምቦዲያ ውስጥ 33 ቶን የሳፍሮል ዘይት ተያዘና ተቃጠለ። ከሳፍሮል ነው ኤክስታሲ የሚባለው የዳንስ ቤት ክኒን የሚሠራው። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር ኤክስታሲ ተብሎ የሚሸጠው ክኒን አብዛኛው ሌላ ነገር ሆኖ አረፈው። ኮኬይኑም በጣም የተከለሰ ነበር። ለዳንስ የሚወጣው ወጣት ገንዘብ አለው፣ ልማዱ አለ፣ ዕቃው ግን የለም። ሜፌድሮን የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ንጹሕ ነበር፣ ርካሽ ነበር፣ ሕግም አልደረሰበትም። ማታ በኢንተርኔት ታዝዞ በማግስቱ ፖስተኛው በር ላይ ይጥለዋል።

ዕሽጉን አይቼዋለሁ። የመዳፍ ግማሽ የምታህል፣ አፏ ተጭኖ የሚዘጋ ብርማ ከረጢት። ውስጧ አንድ ግራም ነጭ ዱቄት፣ ትንሽ ቢጫ ያደላ። ጀርባዋ ላይ "የተክል ማዳበሪያ፤ ለሰው አይሆንም" የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ለገዢው አይደለም፤ ለፖሊስ ነው። ነጋዴው "ለሰው ሸጠሃል" እንዳይባል ነው የጻፈው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ከረጢት ካገኛችሁ፣ "የሽታ ዕጣን" ይበል "የመታጠቢያ ጨው"፣ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ነገር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዙሪያችሁን እዩ። የተለመደው ነገር ተወዷል? ጠፍቷል? በመድኃኒት በኩል የሚመጣም አለ። ያለ ሐኪም ወረቀት ትራማዶል ወይም የሳል ሽሮፕ ፍለጋ የሚመጣው ወጣት በድንገት ከበዛ፣ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው። አዲስ አበባም ሆናችሁ ሐዋሳ፣ የሰፈራችሁን ፋርማሲስት ጠይቁ። እኛ ባንኮኒ ጀርባ የምንቆም ሰዎች ከጋዜጣው ቀድመን እናያለን። እኔ በ2009 ያየሁት ሰኞ ሰኞ የአፍንጫ ጠብታ የሚገዙ ወጣቶችን ነው። ጉንፋን የለባቸውም። አፍንጫቸው ተልጧል፣ የደረቀ ደም አለ፣ እጃቸው ቀዝቅዞ ወደ ሰማያዊ ያደላ። ዓይናቸው እንቅልፍ አላየም። የነገሩ ስም ጆሮዬ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው።

በማን በኩል ይዛመታል?

ወላጆች ጥግ ላይ የቆመ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሻጭ ነው የሚያስቡት። የመጀመሪያውን ቁንጥር ግን የሚሰጠው ጓደኛ ነው፣ ያውም በነጻ። በ2009 መጨረሻ አንድ የዳንስ ሙዚቃ መጽሔት አንባቢዎቹን ሲጠይቅ ከ10ሩ 4ቱ ያህል ሜፌድሮን ሞክረናል አሉ። እነዚህ እንግዲህ ክለብ የሚያዘወትሩ ናቸው። ዓመት ሳይሞላ ግን ነገሩ ከክለብ ወጥቶ ትምህርት ቤት ደረሰ። በ2010/11 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው የመንግሥት ጥናት ከ16 እስከ 24 ዓመት ካሉት ውስጥ 4.4 በመቶው ባለፈው ዓመት ወስደናል ብለዋል። ኮኬይን የወሰዱትም በዚያው ልክ ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከምንም ተነስቶ ኮኬይን ጎን ቆመ።

ማን አፈጠነው? ጋዜጦቹ ድርሻ አላቸው፤ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። "ሚያው ሚያው" የሚለው የሜፌድሮን ቅጽል ስም በየፊት ገጹ ወጣ። የት እንደሚገዛና ስንት እንደሆነ ሳይቀር ተጻፈ። በመጋቢት 2010 ስከንቶርፕ የምትባል ከተማ ሁለት ወጣቶች ሞቱና "ሜፌድሮን ገደላቸው" ተባለ። አገር ተንቀጠቀጠ። ከወራት በኋላ የደም ምርመራው ሲመጣ ሜፌድሮን አልተገኘባቸውም። ያኔ ግን ሕጉ ወጥቶ፣ ወሬውም አልፎ ነበር።

እባካችሁ የዕፁን ፎቶና ስም በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ፣ በዕድርና በማኅበር ግሩፕ አትበትኑ። "ተጠንቀቁ" ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ። ለማያውቀው ልጅ ግን የምታደርሱት ስም ነው፤ እሱ ደግሞ ስሙን ይፈልገዋል። ማስጠንቀቅ ከፈለጋችሁ ምልክቱን ጻፉ፦ ምን ሲታይ አምቡላንስ እንደሚጠራ፣ የት እርዳታ እንዳለ።

ሲከለከል አትዘናጉ

እስራኤልና ስዊድን በ2008 ከለከሉ። እንግሊዝ ሚያዝያ 16 ቀን 2010 ከለከለች። ብዙ ወላጅ "ተመስገን፣ አለቀ" አለ። እኔ ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው በጣም የምፈራው።

ከክልከላው በኋላ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ደረሰ፤ ንጽሕናው ወረደ። ሻጩ ከድረ ገጽ ወደ መንገድ ዞረ። ወዲያው "ኤንአርጂ-1" የሚባል ሌላ ዕሽግ መጣ፣ "አዲስ፣ ሕጋዊ" ተብሎ። ተመራማሪዎች ገዝተው ሲፈትሹት ብዙው ያው የተከለከለው ዘር ነው፤ ሜፌድሮን ራሱም አለበት። ገዢው ሕጋዊ ነገር የያዘ መስሎት ወንጀል በኪሱ ይዞ ይዞራል።

በስፓይስ የሆነው ይብሳል። አንዱ ኬሚካል ሲከለከል ኬሚስቶቹ ጥቂት ቀይረው ሌላ ያወጣሉ። የተቀየረው እየጠነከረ ሄደ። በሐምሌ 2016 ብሩክሊን ውስጥ በአንድ ቀን 33 ሰዎች ጎዳና ላይ ደንዝዘው ቀሩ። ያጨሱት ነገር ከመጀመሪያው ጄደብሊውኤች-018 በ50 እጥፍ የሚበረታ ነበር። "ስፓይስ ድሮም አጭሻለሁ፣ ምንም አላደረገኝም" የሚል ሰው ያኔ ያጨሰው ሌላ ነገር ነው። ስሙ ብቻ ነው ያው።

ክልከላ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ሱቅ ላይ በግላጭ መሸጥ ሲቆም አዲስ የሚሞክሩት ይቀንሳሉ። በግንቦት 2016 እንግሊዝ አገር ሕጉ አንድ በአንድ መዘርዘሩን ትቶ ሁሉንም በጅምላ ሲከለክል ሱቆቹ ተዘግተዋል። የምለው፣ በክልከላው ሰሞን ዓይናችሁን ይበልጥ ክፈቱ ነው።

ስለ ጫትም አንድ ቃል። እንግሊዝ ሰኔ 24 ቀን 2014 ከልክላለች፤ ሆላንድ ቀድማለች። አሜሪካ ካቲኖንን በ1993 ከሄሮይን ጎራ አስገብታዋለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮችማ የእስር ቤት በር ነው። የደረቀ ጫት በሻይ ቅጠል ስም ሲላክ በየጉምሩኩ ይያዛል። ዘመድም ቢሆን "ይቺን ትንሽ ነገር አድርስልኝ" ሲል ሻንጣውን ራሳችሁ ክፈቱ። ካልተከፈተ አትያዙ።

ሲከስም ማን ቀረ ብላችሁ ጠይቁ

ከክልከላው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2012/13፣ ያ 4.4 በመቶ 1.6 ሆነ። ሕጉ ብቻ አይደለም ያወረደው። ኤክስታሲው ተመልሶ መጣ፣ ከበፊቱም ጠንክሮ። ወጣቱ ራሱም ጠላው፤ ልብሱና ላቡ ይሸታል፣ ማግስቱ ከባድ ጭንቀት ነው፣ አንዴ ከተጀመረ ማቆም አይቻልም፣ ሃራራው ከረጢቱ እስኪያልቅ ያስኬዳል። ታናናሾቹ ደግሞ የታላቆቻቸውን ነገር እንደ አሮጌ ፋሽን አዩት።

"ጠፋ" የሚለውን ወሬ ግን አትመኑ። አንዳንዴ የሚጠፋው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ማንድራክስ የሚባለው የእንቅልፍ ክኒን አሜሪካ ውስጥ በ1984 ከታገደ በኋላ የለም ማለት ይቻላል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ይጨሳል። ሜፌድሮንም እዚህ ሲቀዘቅዝ ሩሲያ ውስጥ ገነነ።

አንዳንዴ ደግሞ ከብዙኃኑ ጠፍቶ ጥቂቶች ላይ ይከርማል። ስፓይስ ከተማሪው እጅ ሲወጣ እስር ቤትና ጎዳና ላይ ቀረ። በ2017 ማንቸስተር መሐል ከተማ ላይ ቆመው የደነዘዙት ቤት አልባዎቹ ነበሩ። ፎቶ ያነሳቸው ብዙ ነው፣ አምቡላንስ የጠራላቸው ጥቂት። ፋሽን ሆኖ የጀመረውን ጓደኞቹ ሥራ ይዘው፣ አግብተው ይተዉታል። ብቻውን የቀረው ሰው ከሱ በቀር ሌላ የሚያውለው ነገር ስለሌለው ነው የቀረው። ልጃችሁ "ማንም አይወስደውም አሁን" የሚባለውን ነገር ብቻውን የሚወስድ ከሆነ፣ ከቡድኑ ጋር ከሞከረው ልጅ ይልቅ እሱ ያሳስባችሁ። ለዚህ ሰው ምክር አይበቃውም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል። እዚህ አገር የሱስ ሕክምና አገልግሎት ያለ ክፍያ ነው፣ ራሱ ስልክ ደውሎ መግባት ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። "ስማችን ይጠፋል" ብላችሁ አትደብቁት።

አሁን የማየው

አሁን መጀመሪያው ደረጃ ላይ ያሉት ኒታዚኖች ናቸው። ቻይና በ2019 የፌንታኒልን (እሱም የሄሮይን ዓይነት ብርቱ ሰው ሠራሽ ዕፅ ነው) ዘር በሙሉ ስትከለክል ክፍት ቦታ ተፈጠረ፤ በዚያው ዓመት ኢሶቶኒታዚን ብቅ አለ። እዚህ አገር ከ2023 አጋማሽ እስከ 2025 መጀመሪያ ቢያንስ 400 ሰዎች ከኒታዚን ጋር በተያያዘ ሞተዋል። የሚያስፈራኝ ሰው ፈልጎ የሚገዛው አለመሆኑ ነው። ዲያዜፓም (የጭንቀት መድኃኒት) ነው፣ የእንቅልፍ ክኒን ነው ብሎ የገዛው ውስጥ ነው ያለው። ከፋርማሲ ያልወጣ ክኒን፣ ዕሽጉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አትዋጡ። ለእንቅልፍ ማጣት ብላችሁ ከጎረቤት የምትዋዋሱትንም ይጨምራል።

አፍሪካም አልራቀም። ሴራሊዮን በሚያዝያ 2024 "ኩሽ" በሚባል ዕፅ ምክንያት ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ አውጃለች። ሰዉ ሐሺሽ መሳይ ቅጠል ነው የሚያጨሰው። ሲመረመር የተገኘው ሰው ሠራሽ የስፓይስ ዘርና ኒታዚን ነው።

የወደቀ ሰው ካገኛችሁ እንዲህ አድርጉ። ትንፋሹ ከዘገየ፣ የሚያስጨንቅ ማንኮራፋት ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ ካከለ ወዲያው ደውሉ፤ እንግሊዝ 999፣ አሜሪካ 911፣ ኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ናሎክሶን (የሄሮይንና የመሰሎቹን ጉልበት የሚሰርዝ መድኃኒት) ካለ ስጡት፤ በአፍንጫ የሚረጨው ለማንም ቀላል ነው፣ ለኒታዚንም ይሠራል፣ ግን ከአንድ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ትንፋሽ ካለው በጎኑ አስተኙት። ወተት አታጠጡት። ቡናም፣ ሎሚም አይሆንም፤ ራሱን የሳተ ሰው ያንቀዋል። ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት። አምቡላንሱ ሳይመጣ ጥላችሁት አትሂዱ፣ ናሎክሶኑ ቀድሞ ያልቅና እንደገና ሊሰምጥ ይችላል።

የሜፌድሮን ዓይነቱ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ይቅበዘበዛል፣ የሌለ ነገር ያያል። ጸጥ ወዳለ ቀዝቃዛ ቦታ ውሰዱት፣ ልብሱን አላሉለት፣ አትጩኹበት። ደረቱን ካመመው ወይም ካንቀጠቀጠው ደውሉ።

ወደ እኛ ስትመጡ ዕሽጉን ይዛችሁ ኑ፣ ባዶም ቢሆን። ክኒን ከሆነ ሁለቱንም ጎን በስልክ አንሱት። ስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ ምን ያህል እንደወሰደ፣ ምን እንደጠጣበት፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ጻፉልኝ። ዱቄቱን በእጃችሁ አትንኩ፣ አትቅመሱት፣ ላስቲክ ውስጥ አድርጉት። ልጁ ራሱ መምጣት ከፈለገ ብቻውን ይምጣ። የምክር ክፍል አለን፣ በሩ ይዘጋል፣ የነገረኝን ለእናቱም ቢሆን ያለ ፈቃዱ እንዲሁ አላወራም።